የጎድን አጥንት ስብራትና የነርቭ ማደንዘዝ ሕክምና፦ በሆሳዕናና አካባቢዋ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ

የጎድን አጥንት ስብራት በድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች ዘወትር ከሚያጋጥሙ ጉዳቶች አንዱ ነው። በሀዲያና በከምባታ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች ለዚህ ጉዳት የሚዳርጉ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የሚደርስ የተሽከርካሪ ግጭት፣ የሞተር ብስክሌትና የባጃጅ መገልበጥ፣ ከባሕር ዛፍ ላይ መውደቅ፣ ቤት ሲከደን ከጣሪያ መንሸራተት፣ የፈረስ ርግጫና የበሬ ቀንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፉት ደረት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰዎች 26.7 ያህሉ በትራፊክ አደጋ እንደሚሞቱ ገምቷል። በግምቱ ውስጥ የተቆጠሩት የሞቱት ብቻ ናቸው። ጎድናቸው ተሰብሮ በሕይወት ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት በዚህ አኀዝ ውስጥ አይገኙም።

ተጎጂው ሆስፒታል ሲደርስ አስቀድሞ የሚጣራው አጥንቱ መሰበር አለመሰበሩ ነው። ራጅ ይነሣል፤ ስብራቱ ከታየም «ለጎድን ጀሶ አይደረግለትም፣ በራሱ ይጠግናል» ተብሎ የሕመም ማስታገሻ ይታዘዛል። አባባሉ ስሕተት የለበትም። ያልተወሳሰበ የጎድን ስብራት በአብዛኛው በ6 ሳምንታት ገደማ ይገጥማል። ጥያቄው ታማሚው እስከዚያ ድረስ እንዴት ይተነፍሳል የሚለው ነው።

እጁ ወይም እግሩ የተሰበረበት ሰው የተጎዳውን አካል ሳያንቀሳቅስ ማረፍ ይችላል። ጎድኑ የተሰበረበት ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። አንድ ጤነኛ ሰው በደቂቃ ቢያንስ 12 ጊዜ ስለሚተነፍስ ደረቱ በቀን ከ17,000 ጊዜ በላይ ይንቀሳቀሳል፤ ስብራቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ታማሚው ሕመሙን ለመሸሽ ሲል ትንፋሹን ያሳጥራል፤ ሳሉንም ያፍናል። በዚህም የተነሣ አክታው ሳይወጣ ይቀራል፤ የሳንባው የታችኛው ክፍል አየር እያጣ ይጨማደዳል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። በመጀመሪያው ቀን እየተራመደ ወደ ሆስፒታል የገባ ሽማግሌ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ኦክሲጅን የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም በጎድን ስብራት ላይ ሕመምን ማስታገስ ለታማሚው ምቾት ሲባል በትርፍነት የሚሰጥ አገልግሎት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የአተነፋፈስ ሕክምናው ዋነኛ ክፍል ነው።

በአሜሪካ ሲያትል ከተማ በሚገኘው የሃርበርቪው የሕክምና ማዕከል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ይህንኑ በአኀዝ አሳይቷል። ጎድናቸው ከተሰበረባቸው ሕሙማን መካከል 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው 22 በመቶው ሲሞቱ፣ ከእነርሱ በዕድሜ ካነሱት የሞቱት 10 በመቶ ነበሩ። የሳንባ ምች የያዛቸውም በቅደም ተከተል 31 እና 17 በመቶ ነበሩ። በአረጋውያኑ ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ የተሰበረ ጎድን የመሞትን ዕድል በ19 በመቶ፣ በሳንባ ምች የመያዝን ዕድል ደግሞ በ27 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ማዕከሉ ከባድ አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎች ተቀብሎ የሚያክም፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋና የመተንፈሻ መሣሪያ የተሟላለት ተቋም መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። እነዚህ መሣሪያዎች እምብዛም በማይገኙበት ስፍራ ታማሚው የመተንፈሻ መሣሪያ ወደሚያስፈልገው ደረጃ እንዳይደርስ አስቀድሞ መከላከሉ የበለጠ ዋጋ አለው።

የአካባቢው መልክዓ ምድርም የራሱ ድርሻ አለው። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት፣ ከእርሱም ጋር የኦክሲጅኑ ግፊት፣ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። አንጋጫና ዶዮገናን የመሳሰሉት የከምባታ ደጋ ወረዳዎችም በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ይገኛሉ። የደጋ ነዋሪ ሰውነቱ ከአየሩ ጋር የተላመደ ቢሆንም፣ በሕመም ምክንያት ትንፋሹ ባጠረ ጊዜ የሚተማመንበት የኦክሲጅን መጠባበቂያ ከቆላው ሰው ያነሰ ነው። ለባሕር ዳርቻ አገሮች የተዘጋጁ የሕክምና መመሪያዎች ይህን ጉዳይ አያነሡትም።

ሌላው ሊዘለል የማይገባው ጉዳይ ማሰር ነው። ደረቱ የተመታ ሰው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ወጌሻ ዘንድ መሄዱ የተለመደ ነው። ወጌሻው አካባቢውን ያሻል፤ ከዚያም ደረቱን በጨርቅ አጥብቆ ያስራል። ለታማሚው ለጊዜው ዕረፍት ይሰጠዋል፤ ስብራቱ መንቀሳቀሱ ስለሚቀንስ ሕመሙ በእርግጥ ይታገሣል። ነገር ግን ሳንባው እንዳይነፋ ስለሚያግደው የሚፈራውን የሳንባ ምች ያፋጥነዋል። ወጌሾችን በዚህ ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ዘመናዊው ሕክምናም እስከ ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የተሰበረ ጎድንን በሰፊ ፕላስተር ያስር ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች «እግርና እጅ ይታሰራል፣ ደረት ግን አይታሰርም» የሚለውን መልእክት ለኅብረተሰቡም ለወጌሾችም ቢያደርሱ ያለ አንዳች ወጪ ብዙ ጉዳት ማስቀረት ይቻላል።

በአገራችን ሆስፒታሎች ለጎድን ስብራት በብዛት የሚታዘዙት ፓራሲታሞል፣ ዲክሎፌናክና ትራማዶል ናቸው። ለአንድ ወይም ለሁለት ጎድን ስብራት፣ ታማሚው ወጣት ከሆነ፣ እነዚህ በአግባቡና በሰዓታቸው ከተሰጡ በቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስትና ከዚያ በላይ ጎድን ሲሰበር ግን ብዙውን ጊዜ አቅም ያንሳቸዋል። ዲክሎፌናክ ደም በፈሰሰው ወይም ኩላሊቱ በተዳከመ ሰው ላይ አደጋ አለው። ሞርፊንና ፔቲዲን ኃይለኛ ቢሆኑም በመጠን ከበዙ እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ትንፋሽንም ያዘገያሉ። ትንፋሹ እንዲጎለብት የሚፈለግን ሰው ትንፋሽ በሚያዘገይ መድኃኒት ብቻ ማከም ሐኪሙን አጣብቂኝ ውስጥ ይከተዋል። በዚያ ላይ እነዚህ መድኃኒቶች በልዩ የማዘዣ ወረቀት የሚታዘዙና በቁልፍ የሚጠበቁ በመሆናቸው በሌሊት ተረኝነት ወቅት ለመስጠት ማመንታት ይታያል።

የነርቭ ማደንዘዝ ሕክምና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ጎድን የታችኛው ጠርዝ ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ደም መልስ፣ ደም ቅዳና ነርቭ ተከታትለው ያልፋሉ። ከስብራቱ ሕመም ይዞ ወደ አንጎል የሚሄደው ይኸው ነርቭ ነው። ባለሙያው በጀርባ በኩል ከአከርካሪው መካከለኛ መስመር ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ርቆ መርፌውን ጎድኑ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያም ወደ ታችኛው ጠርዝ አንሸራቶ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያስገባና ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ማደንዘዣ ይሰጣል። የጎድን ነርቮች ድርሻቸው ስለሚደራረብ ከተሰበረው ጎድን በላይና በታች ያሉትንም ማደንዘዝ ያስፈልጋል። ሕክምናው ሲሳካ በደቂቃዎች ውስጥ ታማሚው በጥልቀት ይተነፍሳል፤ ይስላል፤ ተደግፎም ይቀመጣል። ቡፒቫኬይን በተባለው መድኃኒት የተሰጠ ማደንዘዣ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

ሕክምናው አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ከጎድኑ ሥር ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ አልፎ የሳንባው ሽፋን ይገኛል፤ መርፌው ቢወጋው በደረት ውስጥ አየር ሊጠራቀም ይችላል። አካባቢው ደም የበዛበት በመሆኑም ማደንዘዣው ወደ ደም ቶሎ ይገባል። መጠኑ ካለፈ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ያስከትላል። ስለዚህ የታማሚው ክብደት ተለክቶ መጠኑ መሰላት አለበት። የኦክሲጅን መለኪያና የልብ ምት መከታተያም መኖር ይገባዋል። ለዚህ ዓይነቱ መመረዝ ማርከሻ የሆነው 20 በመቶ የስብ ፈሳሽ በአቅራቢያው መቀመጥ አለበት። የስብ ፈሳሹን ሳያዘጋጁ ሥራውን መጀመር አይመከርም።

ባለፉት ዓመታት ከዚህ ይልቅ ቀለል ያሉና ከሳንባ ራቅ ያሉ ዘዴዎች ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ራፋኤል ብላንኮና ባልደረቦቻቸው በደረት ጎን ባለው ጡንቻ መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በካናዳ የሚሠሩት ሞሪሲዮ ፎሬሮና ባልደረቦቻቸው አከርካሪን ቀጥ አድርጎ በሚይዘው የጀርባ ጡንቻ ሥር ማደንዘዣ የሚሰጥባቸውን ዘዴዎች ይፋ አድርገዋል። በሁለተኛው ዘዴ መርፌው የሚያርፈው የአከርካሪው የጎን አጥንት ላይ ነው። አጥንቱ በመርፌውና በሳንባው መካከል እንደ ግድግዳ ያገለግላል። አንድ ጊዜ የሚሰጠው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር መድኃኒት በጡንቻው ሥር ተሰራጭቶ የበርካታ ጎድኖችን ሕመም ያስታግሣል፤ ስለዚህ አምስት ጎድን ለተሰበረበት ሰው አምስት ስድስት ቦታ መወጋት አይኖርም። ለሁለቱም ዘዴዎች የሚያስፈልገው ዋነኛ መሣሪያ አልትራሳውንድ ነው። ዘዴዎቹ በድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞች ዘንድ በፍጥነት የተስፋፉትም በቀላልነታቸው ነው።

በመድኃኒት ከማደንዘዝ የተለየው ሁለተኛው መንገድ ነርቩን በቅዝቃዜ ማቀዝቀዝ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ስለሚምታቱ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በቅዝቃዜ ሕመምን ማስታገስ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የናፖሊዮን ጦር ሐኪም የነበሩት ላሬ በብርድ የደነዘዘ እግር ሲቆረጥ ሕመሙ እንደሚቀንስ አስተውለው ነበር፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ አርኖትም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በረዶና ጨው ቀላቅለው ለማደንዘዣነት ተጠቅመዋል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ዘዴ መሠረት የያዘው ግን እ.ኤ.አ. በ1976 እንግሊዛውያን ሐኪሞች ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ሥራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቀጭን ባዶ መርፌ ውስጥ ናይትረስ ኦክሳይድ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በከፍተኛ ግፊት ይለቀቃል። ጋዙ ጫፉ ላይ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ በናይትረስ ኦክሳይድ ጊዜ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊደርስ ይችላል። በመርፌው ጫፍ ዙሪያ ትንሽ የበረዶ ኳስ ይሠራል፤ ነርቩ በኳሱ ውስጥ ሲሆን የውስጡ ክር ይሞታል፤ ሽፋኑ ግን ሳይፈርስ ይቆያል። በቀረው ሽፋን ውስጥ አዲሱ ክር በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር እያደገ ይመለሳል። በዚህም የተነሣ ማስታገሻው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ለጎድን ስብራት የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። አጥንቱ እስኪገጥም ከሚወስደው ጊዜ ጋር ይመጣጠናል።

ዘዴው በተለይ ደረታቸው ወደ ውስጥ የተሰረጎደ ወጣቶች በብረት ሲስተካከሉ እንዲሁም የተሰበረ ጎድን በቀዶ ሕክምና ሲጠገን በስፋት ሥራ ላይ ውሏል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የሚገኙ ሐኪሞች ደግሞ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልግ በቆዳ በኩል በአልትራሳውንድ እየተመሩ የጎድን ነርቮችን አቀዝቅዘው ውጤቱን ለሕክምና መጽሔቶች አቅርበዋል። የታከሙት ሰዎች ቁጥር አነስተኛ ቢሆንም ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው።

ይሁን እንጂ ለድንገተኛ ክፍል ያለው ጠቀሜታ በልክ መታየት ይገባዋል። በመጀመሪያ፣ የቅዝቃዜው ሙሉ ኃይል ለመታየት ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ታማሚው አስቀድሞ በመድኃኒት መደንዘዙ አይቀርም። ነርቮቹን አንድ በአንድ ማቀዝቀዝ ጊዜ ይወስዳል። የሳንባን ሽፋን የመውጋት አደጋም እዚህ አለ። ከዘጠነኛው ጎድን በታች ያሉት ነርቮች የሆድ ጡንቻንም ስለሚያንቀሳቅሱ እነርሱን ማቀዝቀዝ የሆድን ግድግዳ ያላላል። ቆዳው ለወራት ይደነዝዛል፤ በጥቂት ሰዎች ላይም ነርቩ ሲመለስ የማቃጠል ሕመም ይከሰታል። ማሽኑ፣ መርፌዎቹና ጋዙ ወጪ አላቸው። ጋዙ ሲያልቅ ወይም ማሽኑ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ሳይታወቅ የሚገዛ የሕክምና መሣሪያ ዕጣ ፈንታው በመጋዘን መቀመጥ መሆኑን ለማስረዳት ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ስለዚህ ለሆሳዕናና ለአካባቢዋ ከተሞች የሚያዋጣው ቅደም ተከተል የታወቀ ይመስላል። የማቀዝቀዣው ማሽን እንደ ጥቁር አንበሳና እንደ አቤት ባሉ የአዲስ አበባ ከፍተኛ ሆስፒታሎች ቢጀመር፣ ቀዶ ሕክምናና ክትትል ባለበት ቢለመድ ይሻላል። በመድኃኒት ማደንዘዝ ግን የዞን ከተማ መጠበቅ የለበትም። ሆሳዕና በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ናት። የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልም ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን የሕክምና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። በዱራሜ የዶክተር ቦጋለች ገብሬ መታሰቢያ ጠቅላላ ሆስፒታል አለ። በአገሪቱ የጤና ሥርዓት መሠረት ከእነዚህ ሥር ያሉት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች እያንዳንዳቸው ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግሉ የታሰቡ ናቸው፤ ጎድኑ የተሰበረ ገበሬ መጀመሪያ የሚደርሰውም እነርሱ ዘንድ ነው።

የባለሙያው ጉዳይ እንደሚታሰበው ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። በድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቁጥራቸው ገና ሁሉንም ሆስፒታል አያዳርስም። ሆኖም የእናቶችን ሞት ለመቀነስ ሲባል በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች የተመደቡት የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችና የሰመመን ባለሙያዎች አሉ። የሰመመን ባለሙያው በአከርካሪ በኩል ማደንዘዣ መስጠትን የዕለት ተዕለት ሥራው አድርጎታል፤ መርፌ ያውቃል፤ መጠን ያሰላል፤ የመመረዝን ምልክት ይለያል። የሚጎድለው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚጠራበት አሠራር ነው። በሥራ ድርሻው ዝርዝር ላይ ካልተጻፈ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውም ካልተወሰነ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የጎድን ስብራት መጣ ተብሎ ቢጠራ ላይመጣ ይችላል፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባውም። ይህን የሚያስተካክለው የሆስፒታሉ ሥራ አመራርና የዞኑ ጤና መምሪያ እንጂ ሐኪሙ ብቻውን አይደለም።

አልትራሳውንድም ቢሆን በብዙዎቹ ሆስፒታሎች ለነፍሰ ጡር እናቶች ምርመራ ይገኛል። ጥያቄው ማታ ክፍሉ ተቆልፎ ቁልፉ ከማን ጋር ያድራል የሚለው ነው። ለቆዳ ቅርብ የሆኑ ጡንቻዎችን ለማየት የሚያገለግለው ጠፍጣፋ መመርመሪያ ለጽንስ ከሚያገለግለው ቆልማማ መመርመሪያ የተለየ በመሆኑ ተጨማሪ ግዥ ሊጠይቅ ይችላል፤ አዲስ ማሽን ከመግዛት ግን በእጅጉ ይረክሳል።

የወጪው ነገር ሲነሣ የሕግ ማዕቀፉም መታየት አለበት። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም የተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። የሕግ አውጪው ሐሳብ ተጎጂው ገንዘብ ስለሌለው ብቻ በር ላይ እንዳይመለስ ነው፤ የነርቭ ማደንዘዝም ከአስቸኳይ ሕክምና የሚቆጠር እንጂ የተለየ አገልግሎት አይደለም። ከዛፍ የወደቀው ወይም በሬ የወጋው ገበሬ ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ለእርሱ መተማመኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። መድኑ በአገር አቀፍ ደረጃ በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የከምባታው ዳምቦያ እንደነበር ይታወሳል። ለመድኑም ቢሆን የአንድ ብልቃጥ ማደንዘዣ ዋጋ በሳንባ ምች ምክንያት ከሚመጣ የሁለት ሳምንት የአልጋ፣ የኦክሲጅንና የፀረ ተሕዋስያን ሒሳብ ጋር አይነጻጸርም።

ጤና ሚኒስቴር ከአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ጋር በጀመረው «ከሕመም ነፃ ሆስፒታል» መርሐ ግብር ሕመም እንደ ሙቀትና እንደ ደም ግፊት ተለክቶ በካርድ ላይ እንዲመዘገብ ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። ለጎድን ስብራት ይህ ምዝገባ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ታማሚው ተኝቶ ሳለ «ስንት ያምሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝቅተኛ ቁጥር ሊጠራ ይችላል፤ ያልተንቀሳቀሰ ጎድን ብዙ አያምምምና። በተለይ የገጠር ሽማግሌዎች በሰው ፊት «አመመኝ» ማለትን እንደ ነውር ስለሚቆጥሩት ጥያቄው ብቻውን አይበቃም። ነርሷ «በጥልቅ ይተንፍሱ፣ ይሳሉ እስቲ» ብላ ማየት ይኖርባታል። መሳል ያልቻለ አባት ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ሕክምና ያስፈልገዋል።

በግዥ ረገድ አንድ ዝርዝር ጉዳይ አለ። በሆስፒታሎች ለእናቶች ቀዶ ሕክምና በብዛት የሚቀመጠው ቡፒቫኬይን ለአከርካሪ የሚሆነው፣ ስኳር ተቀላቅሎ ከባድ የተደረገው ዓይነት ነው። ለጎድን ነርቭ የሚያስፈልገው ተራው ዓይነት ነው። በመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ ላይ «ቡፒቫኬይን» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የሚመጣው የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለው በጀት ዓመት የመድኃኒት ፍላጎት ከሐምሌ 1 አስቀድሞ ተጠናቅሮ ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሲላክ ተራው ቡፒቫኬይንና 20 በመቶው የስብ ፈሳሽ በየራሳቸው መስመር፣ ከነመጠናቸው መስፈር ይኖርባቸዋል።